የአጋዘኑ ግራ ጆሮ

በሕይወቴ ጠመንጃ ተኩሼ አላውቅም። ይሁንና አንድ የቆላ ከተማ ፍርድ ቤት ውስጥ «ሕገወጥ አዳኝ» ተብዬ መዝገብ ተከፍቶብኝ ነበር። አሳልፎ የሰጠኝ ስድስት ዓመት ያገለገልኩት የአደን ድርጅት ነው። ሥራ አስኪያጁ «ጆሮው እንዲቆረጥ ድርጅቱ አላዘዘም፤ ሠራተኛው በገዛ ፈቃዱ ያደረገው ነው» ብሎ ጽፎ ፈረመ። እኔ ስቆርጥ እሱ አጠገቤ ቆሞ ሻይ ይጠጣ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ ቆዳ ገፋፊ ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት አቃቂ ነው፤ ገና ጢሜ ሳይበቅል ቆዳ ፋብሪካ ገብቼ እጄ ከቢላዋ ጋር አረጀ። በፈቃድ የሚያድኑ የውጭ እንግዶች ሲመጡ ድርጅቱ ይዞኝ ይሄዳል። እነሱ ይተኩሳሉ፤ እኔ እገፋለሁ፣ ጨው እነሰንሳለሁ፣ ቀንድ አጸዳለሁ። ባለፈው ጥር አንድ እንግዳ ባሌ ተራራ ላይ የደጋ አጋዘን ጣለ። ከዚያ ሳላ ለማደን ወደ አፋር ቆላ ወረድን። የአጋዘኑ ቆዳ በጨው ታሽቶ መኪናው ላይ ነበር፤ ኃላፊነቱ የእኔ ነው።

አሁን የሁለቱን አገር ደንብ ስሙኝ። ደጋው ላይ፣ እኛ ባደንንበት ቀበሌ፣ አውሬው ሲወድቅ ሥጋው ለነዋሪው ይከፋፈላል። ለመከፋፈሉ ምስክሩ ግራ ጆሮው ነው። ገፋፊው ጆሮውን ቆርጦ ለአንድ ሽማግሌ ያስረክባል፤ ሽማግሌው ከቀደሙት ጆሮዎች ጋር በክር ሰክቶ ያኖረዋል። ጆሮ ካልቀረ ሥጋ አልደረሰንም ይላሉ፤ ለሚመጣው አዳኝም መንገድ ይዘጋሉ። የመንግሥት መለያ እዚያ የሚታሰረው በአፍንጫው ቀዳዳ ነው። ቆላው ላይ ግን መለያው የሚታሰረው በጆሮ ነው። ሌቦች መለያውን ለሌላ ቆዳ ለማዋል ጆሮ እየቆረጡ ስላስቸገሩ፣ እዚያ ኬላ ላይ አንድ ጆሮ የጎደለው ቆዳ ከተገኘ ሌላ ጥያቄ የለም፤ የተሰረቀ ነው።

ከደጋው በተሰጠን ወረቀት ላይ ስለ ጆሮው አንድ ቃል አልተጻፈም። እዚያ ሁሉም የሚያውቀውን ነገር ማን ይጽፋል? እኔ ፊደል የቆጠርኩት በአርባ አንድ ዓመቴ፣ በጎልማሶች ትምህርት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሳላነብ የተቀበልኩት ወረቀት የለም። ያንንም እስከ ማኅተሙ አንብቤዋለሁ። የተጻፈውን አነበብኩ እንጂ ያልተጻፈውን መፈለግ አላወቅኩም። ይህ የራሴ ጥፋት ነው፤ አልክድም።

ኬላው ላይ ቆዳው ጆሮ ጎድሎት ተገኘና ተያዝኩ፤ እንግዳው በአውሮፕላን ሄደ። እኔ አራት ቀን ታስሬ በዋስ ወጣሁ። የደጋውን ወረዳ በደብዳቤ ብጠይቅ «የተባለው ጆሮ በመሥሪያ ቤታችን አይገኝም» የሚል መልስ ላኩልኝ። እውነታቸውን ነው፤ ጆሮው ያለው ሽማግሌው ቤት ነው። መልሱ የደረሰኝ ረቡዕ ነው። ዳኛው ቀደም ብለው «ቃል አይበቃም፤ አለ የምትለውን ጆሮ አቅርብ» ብለውኝ ነበር። የመጨረሻው ቀጠሮ ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። ዐቃቤ ሕጉ የጠየቀብኝ እስራት ነው።

ሐሙስ

አቃቂ ካለው ሰፈሬ ከቱሉ ዲምቱ የወጣሁት ገና ሳይነጋ ነው። ባለቤቴ አስካለ ዳቦ በፌስታል እየቋጠረች «ቢጠፋስ?» አለችኝ።

«ምን?»

«ጆሮው ነዋ። ተበልቶ ቢሆንስ?»

«ጆሮ ማን ይበላል?»

«ውሻ።»

ደረጃውን ስወርድ ያቺ «ውሻ» ያለችኝ ቃል አብራኝ ወረደች። ውጭ የቂሊንጦ ፋብሪካዎች ሰርቪስ መብራቱን አብርቶ ፈረቃተኛ ይለቅማል። ሁሉም ወደ ሥራው ነው የሚሄደው። እኔ ጆሮ ፍለጋ።

ቃሊቲ መናኸሪያ የዶዶላ ቅጥቅጥ አገኘሁ። አጠገቤ አንድ የስልጤ ነጋዴ ተቀመጠ፤ ሸራ ነው የሚነግደው። ሞጆ እስክንደርስ ስለ ሸራ ነገረኝና «አንተስ ጋሼ፣ ለምን ጉዳይ ነው?» አለኝ።

«ጆሮ ልፈልግ።»

ትንሽ ፈቀቅ አለ። ከዚያ እስከ አሰላ አላነጋገረኝም። ቆይቶ ግን ራሱ ሁለት ሙዝ ልጦ አንዱን ሰጠኝ። ዕብድ ነው ብሎ አዝኖልኝ ይሆናል፤ ሙዙን በላሁ።

ከአሰላ በኋላ ያለውን አገር ላላያችሁት ልንገራችሁ። ማሳ ነው፤ ማሳው አያልቅም። ስንዴውና ገብሱ የሚዘራበት መሬት ዓይን እስኪሰለች ተዘርግቷል። የእኛም አገር እንዲህ ነበር። የአባቴ ማሳ በነበረበት ቦታ ላይ ዛሬ አራተኛ ፎቅ ተከራይቼ ነው የምኖረው፤ ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ትመጣለች። በመስኮት ብዙ ማየት አልፈለግኩም።

በቆጂን እንዳለፍን የኋላ ጎማ ፈነዳ። መለዋወጫውም የተጠገነ ነው፤ እሱም አየር አልያዘም። ረዳቱ ጎማውን በአህያ ጋሪ ጭኖ ወደ ከተማ ተመለሰ። ለሁለት ሰዓት ተኩል መንገድ ዳር ተቀመጥን። ሰው ሁሉ ስልኩን ሲነካካ እኔ ቀን እቆጥራለሁ፦ ዛሬ ሐሙስ፣ ነገ ዓርብ፣ ከዚያ ቢሮ ዝግ ነው።

ዶዶላ ስንገባ መሽቶ ነበር። የአልጋ ቤቱ ባለቤት ሴትዮ አንድ ብርድ ልብስ ያለበት ክፍል አሳየችኝና ፊቴን አይታ ሁለተኛ ጨመረችልኝ። ቆየት ብላ በባልዲ የሞቀ ውሃ አመጣች። አቃቂ ይበርዳል የምንል ሰዎች ብርድን አናውቀውም።

ዓርብ

ጠዋት በአይሱዙ ጋቢና ወደ ወረዳው ሄድኩ። የወረዳውን ስም አልጽፍም፤ ክፉ ሰው አላገኘሁበትም። ቢሮው ውስጥ አንድ ወጣት ባለሙያ አለ፤ ከማል ይባላል። ደብዳቤውን ሲያይ ፊቱ ቀላ።

«ጋሼ፣ ይህን መልስ የጻፍኩት እኔ ነኝ። መሥሪያ ቤት ውስጥ የለም ወይ ነው የጠየቁት። የለም።»

«ጆሮ የሚያኖሩት ሽማግሌ፣ ኦቦ ቃሲም ቤት እንዳለ ታውቃለህ?»

«ማን የማያውቅ አለ?»

«ታዲያ ለምን አልጻፍከውም?»

ደብዳቤውን አጥፎ መለሰልኝ። እኔም ያልተጻፈ ባለማንበቤ ነው የተከሰስኩት፤ ልጁ ላይ ብዙ አልጮህኩም። ትንሽ ጮህኩ።

ከዚያ ሁለተኛው ነገር መጣ። የአውሬ አካል ከክልል ክልል ለማውጣት የይለፍ ደብዳቤ ያስፈልጋል። የሚፈርመው ኃላፊ ስብሰባ ሄዷል፤ የሚመለሰው ሰኞ ነው።

«ሰኞ እኔ ፍርድ ቤት ነኝ» አልኩት።

«ገብቶኛል። ግን ያለ ደብዳቤ ይዘውት ቢወጡ ሁለተኛ ክስ ነው። አስቀድሜ ልንገርዎ።»

«አንተ አትፈርምም?»

«እኔ ብፈርም ወረቀቱ ራሱ ወንጀል ይሆናል።»

ልክ ነው። ሕጉን ያወቀ ሰው ሲናገር ይበልጥ ያናድዳል። በአደኑ ቀን አብሮን ስለነበረው ስካውት፣ ስለ ጫካ ጠባቂው፣ ጠየቅኩት፤ ወደ ሌላ ጫካ ተዛውሯል፤ ኔትወርክ የለም። ከማል ከጁምዓ ሶላት በኋላ በራሱ ሞተር ሊወስደኝ ቃል ገባ፤ እንዳለውም መጣ።

መንገዱ ጭቃ ነው። የአቃቂ ጭቃ ጥቁር ነው፣ ይጣበቃል፤ የዚያ አገሩ ቀይ ነው፣ ያንሸራትታል። አንዱ ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ከእኛ ቀድሞ ወረደ። ሱሪዬ ከጉልበቴ ላይ ተቀደደ፤ ከማል ክርኑ ደማ። ሞተሩን አንስተን ስንገፋ ከኮሶ ዛፎቹ ሥር ሁለት አጋዘኖች ቆመው ያዩናል። ቀንድ የሌላቸው ናቸው፤ እናቶች። ሁለቱም ሁለት ሁለት ጆሮ አላቸው። ማየት አስጠላኝ።

ኦቦ ቃሲም ቤት ስንደርስ ፀሐይ ዘቅዝቃ ነበር። ረጅም ሽማግሌ ናቸው፤ በጋቢ ላይ ካፖርት የሚደርቡ፤ ሲራመዱ ከዘራቸውን የሚሸከሙት እንጂ የማይመረኮዙት። ኦሮምኛዬ የአቃቂ ነው፣ የእሳቸው የባሌ፤ ተግባብተናል። ገና ሰላምታ ሳልጨርስ «ኦቦ፣ ያ ጆሮ አለ?» አልኳቸው።

«ሰው ብላ ሳይባል ጆሮ አይጠየቅም» አሉኝ።

ጩኮ አቀረቡልን፤ የገብስ ዱቄት በቅቤ የተለወሰ ነው። አንድ ኩባያ ወተትም ጨመሩ። ሁለቴ ጎርሼ ተውኩት። የኦቦ ቃሲም ሚስት የሱሪዬን ቀዳዳ አይታ መርፌና ክር አመጣች፤ ሱሪውን ሳላወልቅ ጉልበቴ ላይ ሰፋችው። ሽማግሌው ቀስ ብለው በልተው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ ከማገሩ ላይ የቆዳ ከረጢት አወረዱ። ክሩን ሲስቡት ጆሮዎቹ አንድ በአንድ ወጡ፤ የደረቁ፣ በጢስ የጠቆሩ። አራተኛው ላይ እጃቸው ቆመ።

«ያንተ ይህ ነው።»

አወቅኩት። አቆራረጡ መጥፎ ነው። ያን ቀን ብርዱ ጣቶቼን አድርቋቸው ነበር፤ ቢላዋው ለስላሳው አጥንት ላይ ተይዞብኝ አንድ ጣት ዝቅ ብዬ እንደገና ጀምሬዋለሁ። የደረጃ ቅርጽ አለው። ለሰው የማላሳየው ሥራ ነው። እጄን ዘረጋሁ።

ኦቦ ቃሲም ክሩን መልሰው ሰበሰቡት። «አለ» አሉ። «አለ እንጂ አይወጣም።»

ቅዳሜ

ጠዋት ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ፤ ሰባት ናቸው። ከኦቦ ቃሲም ሌላ አንዱን ብቻ ነው ስም የምጠራላችሁ፤ ኦቦ በከር ይባላሉ፤ ምላሳቸው ሚጥሚጣ ነው።

«የአዲስ አበባ ሰው» አሉኝ፣ «ጆሮውን ወስደህ ባትመልስ፣ የሚመጣው ዓመት ድርጅትህ ሲመጣ ነዋሪው ‹የዚያ አጋዘን ሥጋ አልደረሰንም፣ ጆሮው የት አለ› ቢለን ምን እንመልሳለን?»

«ድርጅቱ የእኔ አይደለም። ድርጅቱ ነው የሸጠኝ።»

«በመኪናው መጥተህ፣ ምግቡን በልተህ።»

«በልቻለሁ። ቢላዋው ግን የእኔ ነው። ቁረጥ ያላችሁኝ እናንተ ናችሁ። ‹የአገሩ ደንብ ነው› ብላችሁኝ አከበርኩ። ደንባችሁን በማክበሬ ነው የምታሰረው፤ እናንተ ደግሞ ደንባችን ነው ብላችሁ ትከለክሉኛላችሁ።»

ትንሽ ጮክ ብዬ ነበር። ከማል እጄን ያዘኝ። ሽማግሌዎቹ ሣሩን እያዩ ዝም አሉ። እኛ ሰፈር ሰው እንዲህ ዝም ካለ ስብሰባው አልቋል፤ እዚያ ግን ገና መጀመሩ ነው። ኦቦ በከር እንደገና ሊናገሩ ሲሉ ኦቦ ቃሲም ተነሡ።

«ጆሮው ከእጄ ወጥቶ አያውቅም፤ አሁንም አይወጣም። እኔ ግን እግር አለኝ።»

«የት ልትሄድ?» አሉ ኦቦ በከር።

«ጆሮው ወደሚሄድበት።»

«ቆላ? አንተ አሰላ ስትደርስ ሞቀኝ ብለህ የተመለስክ ሰው?»

ሁሉም ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም፤ ሰውዬው እሺ ይባሉ አይባሉ እያየሁ ነበር። መጨረሻ ላይ መረቋቸው። እኔንም ጨምረው መረቁኝ፤ ኦቦ በከር ሲመርቁኝ ግን ዓይኔን አላዩኝም።

ከማል ጆሮውን ያነሣነው በሽማግሌ ውሳኔ መሆኑን በስሙ ጽፎ ሰጠኝ። «ይለፍ አይደለም» አለኝ ሁለት ጊዜ። «ኬላ ላይ ከተያዛችሁ ይህ አያድናችሁም።» ወረቀቱን አነበብኩት። ቢያንስ ስለ ጆሮ የተጻፈ የመጀመሪያው ወረቀት ነው።

ከሰዓት በኋላ በፈረስ ወረድን። ለእኔ ኮርቻው ቅጣት ነበር። ዶዶላ ያቺው ሴትዮ ሽማግሌውን ስታይ ምንም ሳትጠይቅ ሦስት ብርድ ልብስ ሰጠች። ኦቦ ቃሲም አልጋውን ትተው ምንጣፉ ላይ ተኙ፤ ያንን አንድ ጆሮ ከነክሩ የያዘውን ከረጢት ከካፖርታቸው ሥር አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ።

እሑድ

ማለዳ ተሳፈርን። አሰላን እንዳለፍን ኦቦ ቃሲም ካፖርታቸውን አወለቁ፤ አዳማ ላይ ጋቢውን፤ መተሐራ ላይ ሸሚዛቸውን እስከ ደረት ከፈቱ። ከረጢቱ ደረታቸው ላይ ለሁሉ ታየ። ያ ነገር አሳበደኝ።

«ኦቦ፣ ይሸፍኑት።»

«ሞቆኛል።»

«ኬላ አለ እኮ። ይለፍ የለንም። እዚህ ዳቦ ውስጥ ልደብቀው፤ ከኬላው በኋላ እመልስልዎታለሁ።»

ዳቦውን አዩ። «የከሰሱህ ምን ብለው ነው?»

«ሰረቅህ ብለው።»

«ታዲያ ዳቦ ውስጥ ከተገኘ ምን ትላቸዋለህ?»

ዳቦውን መልሼ ቋጠርኩት። ግን ተናድጄ ነው የቋጠርኩት እንጂ አምኜ አይደለም። እሳቸው ቢያዙ ወደ ተራራቸው ይመለሳሉ፤ የምታሰረው እኔ ነኝ። እውነቱን ልጻፍ፦ ሲያንቀላፉ ክሩን ቆርጬ ልወስደው አስቤ ነበር። ቢላዋዬ ኪሴ ውስጥ ነበር። አላንቀላፉም።

ኬላው ጋ የደረስነው ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ሙቀቱ ከአስፋልቱ ይነሣል። ተሳፋሪ ሁሉ ወረደ። ፈታሹ ሲመጣ አየሁት፤ ራሱ ነው፤ በጥር የያዘኝ ዓሊ። እሱም አወቀኝ።

«አንተ» አለ፣ «ነገ አይደለም ቀጠሮህ?»

አፌን ሳልከፍት ኦቦ ቃሲም መሀላችን ገብተው ከረጢቱን ፈቱ። በኦሮምኛ «ይህን ሰው የከሰሳችሁበት ጆሮ ይኸው። እኔ ጠባቂው ነኝ» አሉት። ዓሊ ኦሮምኛ ይሰማል፤ ከከረዩ ኦሮሞዎች ጋር ነው ያደገው። ጆሮውን አየ፣ ሊነካ ሲል ኦቦ ቃሲም እጃቸውን አጠፉ።

«ይለፍ አላችሁ?»

«የለንም» አልኩ።

አውቶቡሱ ትቶን ሄደ። ዓሊ ጥላ ሥር አስቀምጦን ቅጽ አወጣ። ገልብጬ አነበብኩት፦ ቀንድ፣ ቆዳ፣ ጥርስ፣ ጥፍር፣ ጅራት። ብዕሩን ይዞ ብዙ ቆየ።

«ጆሮ የለም» አለ።

«ለምን የለም?»

«በእኛ ዘንድ ጆሮ አይመጣም። ጠፍቶ ነው የሚመጣው።»

አለቃው ጋ ደወለ፤ ስልኩ ዝግ ነው። እንደገና ደወለ። ሰዓት ሄደ። ልለምነው ፈልጌ ነበር፤ ልመና ግን አልችልበትም፤ አፌን ስከፍት ስድብ ነው የሚመጣብኝ። ስለዚህ ዝም አልኩ። በሕይወቴ ረጅሙ ዝምታ እሱ ነው።

መጨረሻ ላይ ዓሊ ቅጹን አጠፈው። «ልለቃችሁ አልችልም። ይለፍ የላችሁም። ልመዘግባችሁም አልችልም፤ ቅጹ ላይ የለም። ስለዚህ ይዣችኋለሁ። የያዝኩትን ሰው ደግሞ ፍርድ ቤት ማቅረብ ግዴታዬ ነው። ነገ ጠዋት በፒክአፓችን ሦስት ሰዓት ሳይሞላ አደርሳችኋለሁ።»

ኦቦ ቃሲም ወደ እኔ ዞረው «ይህ ሰው ምን አለ?» አሉኝ።

«ታስራችኋል አለ።»

«መኪናስ?»

«መኪናም አለ።»

«ጥሩ እስር ነው» አሉ።

ከኬላው ጀርባ የሰሌን ምንጣፍ ተነጠፈልን። የዓሊ እናት የግመል ወተት ላከችልን። ኦቦ ቃሲም አሽትተው «የወተቱን ዕቃ እንደ እኛ ያጥኑታል» አሉና እስከ ዝቃጩ ጠጡት። ከዚያ በኋላ ስለ ሙቀቱ አላማረሩም።

ሰኞ

ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ችሎት ደረስን። ዳኛው ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ናቸው። ቆዳውን ከመጋዘን አስወጡት። ሦስት ወር ከቆርቆሮ ሥር ከርሞ ራሱም ቆርቆሮ ሆኗል። ኦቦ ቃሲም ጆሮውን በገዛ እጃቸው ቁርጡ ላይ አስጠጉት። አልገጠመም። ሁለት ጣት ያህል ክፍተት አለ።

ዐቃቤ ሕጉ ተነሣ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ይህ የሌላ አውሬ ጆሮ ነው። ጭራሽ ተጨማሪ ወንጀል ይዘው መጥተዋል።»

ዳኛው ወደ እኔ አዩ። «ተከሳሽ፣ የምትለው አለ?»

«አለኝ። ቆዳው ተኮማትሯል። ጆሮው ብርድ አገር ጢስ ላይ የከረመ ነው፤ ቆዳው ሙቀት አገር። እኩል አይደርቁም። ውሃ ይሰጠኝ።»

«ውሃ?»

«ሁለቱንም እነክራለሁ። ሲለሰልሱ ይታያል።»

ዐቃቤ ሕጉ «ኤግዚቢቱን ሊያበላሸው ነው» አለ። እውነት አለው። የደረቀ ቆዳ ውሃ ካነሰው አይለሰልስም፤ ከበዛው ደግሞ ፀጉሩ ይፈታል፣ ጠርዙ ይቀልጣል፣ ከዚያ ምንም ከምንም አይገጥምም። ይህን ለዳኛው ራሴ ነገርኳቸው። ባልነግራቸው ሌላ ሰው ይነግራቸዋል። ጥቂት አሰቡና «እስከ ዘጠኝ ሰዓት። ፖሊስ ባለበት» አሉ።

በዚያ ከተማ ውሃ በጀሪካን ነው የሚመጣው። ዓሊ ሁለት ጀሪካን ተሸክሞ መጣ፤ የማን እንደሆነ አልነገረኝም። ግቢው ውስጥ ከግራር ሥር የቆዳውን አንገት በገንዳ ዘፈዘፍኩ፤ ጨው ጨመርኩ። ኦቦ ቃሲም ጆሮውን በሳህን ነክረው ከሳህኑ እጃቸውን አላነሡም። ፖሊሱ ወንበር አምጥቶ ተቀመጠ።

አራት ሰዓት ሙሉ በጣቴ እየነካሁ ጠበቅኩ። ፋብሪካ ውስጥ ይህን ሥራ ሺህ ጊዜ ሠርቻለሁ፤ ሲበላሽ አለቃ ይሰድበኛል፣ ሌላ ቆዳ ይመጣል። ይህ አንድ ነው። ስምንት ሰዓት ላይ አንድ ቁንጥር ፀጉር በጣቴ ላይ ቀረ። ቆዳውን ወዲያው ከገንዳው አወጣሁት። ኦቦ ቃሲም ፀጉሩን አይተው ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አደረጉ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋነው። ቆዳውን በመዳፌ አለሰለስኩት፣ ሳብኩት። ኦቦ ቃሲም ጆሮውን አስጠጉ። የላይኛው ጠርዝ ገጠመ። ከዚያ ያቺ ቢላዋዬ የተያዘባት ደረጃ፣ ያቺ የማፍርባት፣ ከደረጃዋ ጋር ቁጭ አለች። ፀጉሩ ሳይቀር ከዚህ ወደዚያ ተሻገረ።

ዳኛው ከወንበራቸው ወርደው ጎንበስ ብለው አዩት። በጣታቸው መጋጠሚያውን ተከተሉ። «ይህ ለምን እንዲህ ተሰበረ?» አሉኝ።

«መጥፎ ቆራጭ ስለሆንኩ ነው። እጄ በርዶት ነበር።»

ዐቃቤ ሕጉም መጥቶ አየ። ብዙ አየ። ተመልሶ ሲቀመጥ «ተቃውሞ የለኝም» አለ። እንዲህ ያለውን ሰው አከብራለሁ።

ዳኛው ነፃ ነህ አሉኝ። ቀጥለው ግን ውሳኔው በጽሑፍ እስኪወጣ ቆዳውም ጆሮውም በኤግዚቢትነት እንደሚቆዩ ተናገሩ። ለኦቦ ቃሲም ተረጎምኩላቸው። ሽማግሌው ከዘራቸውን መሬት ላይ አቆሙ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመረኮዙ አየኋቸው።

«ጆሮው ይቀራል ካሉ እኔም እቀራለሁ በላቸው።»

«አባት፣ ስንት ቀን እንደሚፈጅ አይታወቅም» አሉ ዳኛው።

«ጆሮውም አያውቅም» አሉ ኦቦ ቃሲም።

ዳኛው ሊስቁ ፈልገው ተዉት። ጆሮው በፖስታ ታሽጎ ካዝና ገባ፤ ኦቦ ቃሲም ደግሞ በየማለዳው ከካዝናው ክፍል በር ላይ እንዲቀመጡ ተፈቀደላቸው።

እኔም አልሄድኩም። ምን ፊት ይዤ እሄዳለሁ? አስካለ ስትደውል «ጆሮው ተገኘ?» አለችኝ፤ ተገኘ አልኳት፤ «ታዲያ ለምን አትመጣም?» አለች፤ ጆሮው ታስሮ ሽማግሌው አልሄድም ብለው አልኳት፤ ገባት። ዘጠኝ ቀን የዓሊ እናት ቤት በላን፣ ተኛን። ኦቦ ቃሲም ቀን ቀን ላብ በላብ ሆነው በሩን ይጠብቃሉ፤ ወደ ማታ ከሴትዮዋ ጋር፣ አንዱ የሌላውን ቋንቋ በቅጡ ሳይሰማ፣ ስለ ወተት ይከራከራሉ። እኔ በቀን ሁለት ጊዜ መዝገብ ቤት እየገባሁ ደረሰ ወይ እላለሁ። ጸሐፊዋ ሰልችቻት በስሜ መጥራት ጀምራ ነበር።

በእነዚያ ቀናት ከማል ደወለልኝ። ኃላፊው ተመልሷል፤ የጆሮውን ይለፍ ፈርሟል፤ ከእንግዲህ ከእነሱ ወረዳ በሚወጣ ቆዳ ሁሉ ወረቀት ላይ «ግራ ጆሮ በቀበሌው ቀርቷል» የሚል መስመር እንዲጨመር ተስማምተዋል። «በጽሑፍ?» አልኩት። «በጽሑፍ» አለኝ። ድርጅቱም ደወለ፤ ሥራ አስኪያጁ ራሱ። ለሚመጣው ወቅት እፈልግሃለሁ አለኝ። የመለስኩለትን እዚህ አልጽፍም።

ውሳኔው በጽሑፍ ወጥቶ፣ ሁለት ጊዜ አንብቤ የፈረምኩበት፣ ኦቦ ቃሲምም ጆሮውን ተቀብለው ከክሩ ላይ የሰኩት ረቡዕ፣ ግንቦት 6 ቀን ነው።